ከዚህ ለእኛ ምን ይደርሰናል?



ለንፋስ ኃይል ጥናት በወረድኩበት አንድ ቀበሌ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ከዚህ ለእኛ ምን ይደርሰናል?» አሉኝ። ስለ ሜጋዋት አወራሁላቸው። ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩም።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ዴንማርክ፣ ሳምሶ ደሴት ላይ ነው። ነዋሪዋ 4,000 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተተከሉት 11 የየብስ ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋዋት፣ የነዋሪው ናቸው፤ 9ኙ የገበሬዎች፣ 2ቱ ደግሞ ብዙ ሰው በአክሲዮን የገዛቸው። አንዱን ገበሬ «ድምፁ አይረብሽህም?» ብለው ሳቀብኝ። ሲቆም ነው አሉ የሚረብሸው፤ የባንክ ዕዳ አለበታ!

የእኛዎቹ አዳማና አሸጎዳ የመንግሥት ናቸው። ነውር የለውም፤ ከፍተኛ ካፒታል ይጠይቃሉ። ቢሆንም ከጎናቸው አንዲት ተርባይን የገበሬ ማኅበር ብትሆን ምን ይከለክላል? ሕጉ? ብድሩ? ታሪፉ? እኔ መሐንዲሱ አላውቀውም። እዚህ ግቢ አምስት ዓመት ስለ ትራንስፎርመር ስማር፣ ገበሬ እንዴት ባለአክሲዮን እንደሚሆን የአንድ ሰዓት ትምህርት አልነበረንም።

መምህራን፣ ከሕግና ከኢኮኖሚክስ ክፍል ጋር ሆናችሁ ኮርሱን ጀምሩት። የሳምሶን ክፍል በየዓመቱ እየመጣሁ በነጻ አስተምራለሁ፤ ቃሌ በመጽሔቱ ይመዝገብ።