ትንሹ ባቡርና የአድራሻው ነገር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ባቡር ነው። ነገር ግን ከለገሐር ተነሥቶ የአዋሽን በረሃ ያቋርጥ ስለ ነበረው ስለ ትልቁ ባቡር አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ስለሚሄድ፥ በአንድ እጅ ስለሚነሣ ትንሽ ባቡር ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «የልጆች መጫወቻ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አድምጡኝ፤ ፍርዱን ኋላ ስጡ።

ምድር ባቡር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ጐንደር እስከ ዛሬ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ስለዚህ በፀዳ የሚያድግ ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በሥዕል ብቻ ነው።

ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በፀዳ ለሚኖረው ለእኅቴ ልጅ፥ በውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ያገለገሉ ሁለት ትንንሽ ሎኮሞቲፎች ከነሐዲዳቸውና ከነማዘዣ መሣሪያቸው ላከለት። ለፋሲካ በሄድሁ ጊዜ አብረን ገጣጠምነው። አንደኛው መብራቱን አብርቶ ሄደ፤ ሁለተኛው ግን ምንም ቢያዙት ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። እኔም እንደ ዐዋቂ ሰው አንሥቼ አገላበጥሁትና «ይህ ሞቷል፤ ወደ ሣጥኑ መልሰው» ብዬ ፈረድሁ። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሳለሁ፥ ከደጋው የመጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። የሟች ልጃቸውን የጡረታ መብት ሊያስፈጽሙ ሲመላለሱ ያ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር፤ በየጊዜውም የተሰጣቸው መልስ «መዝገቡ አልተገኘም» የሚል ነበር። በዚያን ቀን ግን አንድ በዕድሜ የገፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ ሽማግሌው የያዙትን ብጣሽ ወረቀት ደጋግመው አዩና መሰላል አስደግፈው ወጡ። መዝገቡ በ314 ቍጥር ተቀምጧል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን 341 ነበር። መዝገቡ አንድ ቀን እንኳ ከመደርደሪያው አልወጣም ነበር። ሽማግሌው አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው «እኔስ ልጄን ሁለተኛ የቀበርሁት መስሎኝ ነበር» አሉ።

ያን ዕለት ማታ በጨርቅ የተጠቀለለው ሎኮሞቲፍ ትዝ አለኝ። ለዘመዳችን ጽፌ የአሠራሩን መመሪያ አስመጣሁና ማንበብ ጀመርሁ። የተረዳሁትም እንደሚከተለው ነው።

በቀድሞው አሠራር ሐዲዱ ላይ የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ ሲበረታ ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሲደክም ይዘገያል። በዚህ ዓይነት በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ቢቆሙ ሁለቱም ባንድነት ይነሣሉ፥ ባንድነትም ይቆማሉ። አንዱን አቁሞ ሌላውን ለማስኬድ ሐዲዱን በክፍል በክፍል ለይቶ ለየክፍሉ ማብሪያና ማጥፊያ ማበጀት ያስፈልግ ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ ሌንዝ የተባለው የጀርመን ድርጅት አዲስ ዘዴ አዘጋጀ፤ በ1990ዎቹም የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ያንኑ መሠረት አድርጎ ለፋብሪካዎች ሁሉ የሚሆን ደንብ አወጣ።

በአዲሱ ዘዴ ሐዲዱ ዘወትር ሙሉ ኃይል አለው፤ ትእዛዙም በዚያው በኤሌክትሪኩ ላይ ተጭኖ ይጓዛል። በየሎኮሞቲፉ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የሚባል፥ ምልክቱን ፈትቶ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ አለ። በደጋው ላይ የሚያርሰውን ገበሬ አስቡ፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ሥር ናቸው፥ ድምፁንም ሁለቱም ይሰማሉ። ሆኖም «ቦራ!» ሲል ቦራ ይስባል፤ «ዳለቻ!» ሲል ዳለቻ ይታጠፋል። ስሙ ያልተጠራው ሥራውን እንደ ያዘ ይቀጥላል። የትንሹም ባቡር ነገር ይኸው ነው፤ ስሙም ቍጥር ነው።

ምልክቱ የሚጻፈው በሁለት ፊደል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በ58 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ሲገለባበጥ «አንድ» ተብሎ ይነበባል፤ 100 ሚሊዮንኛ ወይም ከዚያ በላይ ሲቈይ ደግሞ «ዜሮ» ይባላል። በመጀመሪያ እንደ ማንቂያ ደወል ያለ ተከታታይ «አንድ» ይላካል፤ ቀጥሎ አድራሻው፥ ከዚያ ትእዛዙ፥ በመጨረሻም የተላከው በትክክል መድረሱን የሚመሰክር ማረጋገጫ ይመጣል። ማረጋገጫው ካልገጠመ ዲኮደሩ ትእዛዙን አይፈጽምም፤ አድራሻው የእርሱ ካልሆነም ዝም ይላል። ዝምታው ሕመም ሳይሆን ሥርዐት ነው።

ታዲያ አድራሻው የት ይጻፋል? ዲኮደሩን እንደ አንድ ትንሽ መዝገብ ቤት ቍጠሩት፤ በውስጡ ቍጥር የተሰጣቸው መሳቢያዎች አሉት። በመሳቢያ 1 ውስጥ እስከ 127 የሚደርሰው አጭሩ አድራሻ ይቀመጣል፤ ከፋብሪካ አዲስ ሲወጣ የሚገኝበት ቍጥር 3 ነው። እንደ 1909 ያለ ረጅም አድራሻ ግን በአንድ መሳቢያ ስለማይበቃ በመሳቢያ 17 እና 18 ተከፍሎ ይጻፋል። ከሁለቱ የትኛው አድራሻ እንዲሠራ የሚወስነው መሳቢያ 29 ነው፤ በዚህ ውስጥ ባለው ድምር ላይ 32 ከተጨመረ ረጅሙ ይሠራል፥ ካልተጨመረ አጭሩ። ስለዚህ 17ን እና 18ን በትክክል ጽፎ 29ን የዘነጋ ሰው፥ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ማኅተም እንደ ረሳ ጸሐፊ ነው።

ይህ ሥራ የሚሠራው ከዋናው ሐዲድ በተለየ፥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ በሚያገኝ አጭር ሐዲድ ላይ ነው። በዚያ የሚላከው ጽሑፍ የማንንም ስም ስለማይጠራ በላዩ ያለ ሎኮሞቲፍ ሁሉ ይቀበለዋል፤ ሁለት ካስቀመጣችሁ ለሁለቱም አንድ ስም ትሰጣላችሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ነው። ሎኮሞቲፉም «ተቀብያለሁ» የሚለው ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ሳብ አድርጎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ስለሚነካው ትንሽ ነቅነቅ ሲል ይታያል።

ለመስቀል በዓል ወደ ፀዳ ስመለስ መመሪያውን ይዤ ሄድሁ። የእኅቴ ልጅ ጨርቁን ፈትቶ «ሟቹን» አጭሩ ሐዲድ ላይ አቆመው። መሳቢያ 29 ይነበብ ብለን ብናዝዘው ነቅነቅ አለ፤ ልጁ ጮኸ። ያገኘነው ቍጥር 38 ነው፤ ማለት 6 እና 32። እንግዲያስ የሚሠራው ረጅሙ አድራሻ ኖሯል፤ እኛ ግን ለካ በ3 ስንጠራው ነበር የከረምነው። መሳቢያ 17ን ብንጠይቀው 199፥ 18ን ብንጠይቀው 117 አለ። እንደ መመሪያው ከ199 ላይ 192 ሲቀነስ 7 ይቀራል፤ 7 በ256 ሲባዛ 1792፤ በዚህ ላይ 117 ሲደመር ልጁ በደብተሩ ጽፎ ያሳየኝ 1909 ነበር።

በማዘዣው ላይ 1909 ብሎ ጫነ። ሎኮሞቲፉ መብራቱን አበራና ሄደ።

ልጁ «ጋሼ፥ ለምን 1909 አሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ባቡር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑን ነገርሁት። ዘመዳችን ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከባቡሩ ጋር ግን አንድ የአገሩን ቀን ሰውሮ ይዞት ኖሯል። እኔ «ሞቷል» ባልሁት ዕቃ ውስጥ ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። መሳቢያ 19 ሁለት ሎኮሞቲፎችን በአንድ የጋራ ቍጥር አጣምሮ ለማሠራት የተዘጋጀ ነው፤ የየራሳቸውን ስም ሳያጠፋ እንደ ጥማድ በሬ ባንድነት እንዲስቡ ያደርጋቸዋል። ልጁም ሁለቱን አጣምሮ ፉርጎዎቹን ሁሉ አስጎተታቸው፤ የጥማዱንም ስም «ቦራና ዳለቻ» ብሎ በደብተሩ መዘገበ።

ክቡራን አድማጮች፤ ያገለገለ ሎኮሞቲፍ በእጃችሁ ቢገባ አልሄደም ብላችሁ አትጣሉት፤ መሳቢያዎቹን በተራ አንብቡ፥ ያገኛችሁትን ቍጥር በደብተር ጻፉ፥ የፋብሪካውንም መመሪያ ተመልከቱ። ነገ ጧት ወደየቢሯችን ስንገባ ደግሞ በበሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አይጠፋም። «መዝገብዎ የለም» ብለን ከመመለሳችን በፊት የያዘውን ወረቀት አንድ ጊዜ እናንብብለት፤ ምናልባት የጠፋው መዝገቡ ሳይሆን ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል።

በዚሁ ንግግሬን ፈጽሜአለሁ። ደኅና ሰንብቱ።