ዓይን ሲጋረድ፦ ሄሊኮፕተር አብራሪን በማገዝ ረገድ የማረጋጊያና የማሳያ ሚዛን



ዛሬ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። ሄሊኮፕተር አቧራ ውስጥ ሲያርፍ አብራሪውን ይበልጥ የሚረዳው ምንድን ነው? አካሉን የሚያረጋጋው ኮምፒውተር ወይስ የተሰወረውን መሬት የሚያሳየው ስክሪን?

ችግሩ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ጎልቶ ታይቷል። የሮተሩ ነፋስ ያስነሣው አቧራ መሬቱን ሲሸፍን፣ አብራሪው ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መሆኑን ሳያውቅ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ እግር መሬት ላይ ከተያዘ ሄሊኮፕተሩ ይገለበጣል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ማረጋጊያው ደካማ በሆነ ሄሊኮፕተር መሪ ዘንጉ የሚያዝዘው የመዘንበል ፍጥነትን ነው። ይህ ተጠራቅሞ ዝንባሌ ይሆናል፤ ዝንባሌው የጉዞ ፍጥነትን፣ የጉዞ ፍጥነቱም የቦታ ለውጥን ይወልዳል። አብራሪው ይህን ሰንሰለት በዓይኑ እየተከታተለ ያለማቋረጥ ያርማል። ዓይኑ ሲጋረድ እርማቱም ይቋረጣል።

ማረጋጊያ ሰንሰለቱን ያሳጥራል። በአንደኛው ደረጃ ዘንጉ ዝንባሌን በቀጥታ ያዝዛል፤ በሚቀጥለው ደግሞ የጉዞ ፍጥነትን ያዝዛል፤ ዘንጉ ሲለቀቅም ሄሊኮፕተሩ በአየር ላይ ባለበት ይቆማል። ማሳያ ግን የጠፋውን መረጃ ይመልሳል እንጂ ሥራውን ከአብራሪው አይወስድም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መመዘኛ፣ ኤዲኤስ-33ኢ፣ ሁለቱን ያገናኛል። አብራሪዎች ባላቸው እይታና ማሳያ ተመርተው ዝንባሌንና ፍጥነትን ምን ያህል በእርግጠኝነት ማረም እንደሚችሉ ደረጃ ይሰጣሉ። ከዚህም ሦስት የእይታ ሁኔታዎች ይለያሉ፤ ሁኔታው በከፋ መጠን የሚጠየቀው ማረጋጊያ ይጨምራል።

ታዲያ ጥሩ ማሳያ ካለ ማረጋጊያ መቀነስ ይቻላል ማለት ነው? በመመዘኛው ስሌት አዎን። እኔ ግን ጥንቃቄ እሻለሁ። ምልክት ማንበብ ትኩረት ይጠይቃል፤ ትኩረት ደግሞ ወሰን አለው። በአንጻሩ ማረጋጊያ ብቻውን ስለ መሰናክል አያውቅም፤ ሄሊኮፕተሩን ሳያናውጥ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ሊያጋጨው ይችላል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚደረገውን እርማት ማረጋጊያው ይውሰድ፤ ማሳያው ደግሞ የት፣ በምን ፍጥነት እና ከየትኛው መሰናክል ርቆ እንደሚታረፍ አብራሪው እንዲወስን ያግዘው። ማረጋጊያው በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለና መቼ እንደከዳም በግልጽ ያመልክት። በድንገት ዘንጉ ጠባዩን ሲለውጥበት ይህን ያላወቀ አብራሪ፣ ከመጀመሪያውም ካልታገዘው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ተማሪዎቻችን ሁለቱን ለየብቻ ነድፋችሁ በመጨረሻ አታጋጥሙ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ሲሙሌተር ውስጥ፣ ከአብራሪው ጋር አብራችሁ ፈትኗቸው።