መንደሩን የጻፈው ከመንደሩ የወጣው ልጅ ነው

(የንባብ ክፍላችን አባሎች በተማሪዎች ኅብረት አዳራሽ ያሰሙት ንግግር)



የምንናገረው በእንግሊዝ አገር ገጠር ያደጉ ሰዎች ስለ ጻፉት የልጅነት ትዝታ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ከቤተ መጻሕፍት ሦስት መጻሕፍት ተውሰን በየተራ ካነበብን በኋላ ለመነጋገር በተሰበሰብን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፤ «የእንግሊዝ ባላገር ውሃውን ከየት እንደ ቀዳ ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እኛስ መንደር የለንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ በሣቅ አላለፍነውም። መልሱን ለማግኘት መጻሕፍቱን እንደገና ገለጥን፤ ዛሬ የምናቀርብላችሁም ያገኘነውን ነው።

የእንግሊዝ መንደር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በብስኩት ቆርቆሮ ላይ የተሳለውን ሥዕል ነው፤ የሣር ክዳን ቤት፣ በበሩ ላይ የተጠማዘዘ ጽጌረዳ፣ ከበስተኋላው የቤተ ክርስቲያን ግንብ። ሥዕሉ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖርና ምን እንደሚበላ አይነግረንም። ይህን የሚነግሩን በዚያ ቤት ያደጉት ልጆች ናቸው።

ከእነዚህም አንዷ ፍሎራ ቶምሰን በ1876 በኦክስፎርድሺር ውስጥ ጁኒፐር ሂል በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደች። አባቷ ግንበኛ ነበር፤ እናቷም ከማግባቷ በፊት ሞግዚት ነበረች። «ላርክ ራይዝ» በተባለው መጽሐፏ እንደምትነግረን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት የአንድ የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ በሳምንት ዐሥር ሽልንግ ያህል ነበር፤ በዚህም ሚስትና ብዙ ልጆች ይተዳደሩበታል። የውሃ ጕድጓድ ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ሴቶቹ በትከሻቸው ቀንበር ሁለት ባልዲ አንጠልጥለው ከሩቅ ይቀዳሉ። በየጓሮው አንድ ዐሣማ ይቀለባል፤ የዐሣማው መወፈርና መክሳት የቤተ ሰቡ ሁሉ ጭንቀት ነው፤ በታረደም ጊዜ ከሥጋው ለጎረቤት ይላካል። አጨዳው ካለቀ በኋላ እናቶችና ልጆች ከማለዳ ጀምረው ጎንበስ ብለው የስንዴ ቃርሚያ ይቃርማሉ። ቃርሚያው ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ከረጢቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ያሳዩት ነበር። ይህ በተነበበ ጊዜ ከእኛ ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ቃርሚያ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳን አላስፈለገንምና።

ይህ ድኽነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 የሚበልጡ የመሬት ማጠሪያ ሕጎች አወጣ። ቀድሞ መንደርተኛው ከብቱን የሚያግድበትና ማገዶ የሚለቅምበት የጋራ መሬት በእነዚህ ሕጎች እየታጠረ የግል ርስት ሆነ፤ ይኸውም ከእንግሊዝ ምድር አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። ፍሎራ ልጅ ሳለች ሽማግሌዎቹ መሬቱ ሳይታጠር የነበረውን የተሻለ ኑሮ ያስታውሱ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን በሰው እርሻ ላይ በሳምንት ደመወዝ የሚያድሩ ሆኑ። ስለዚህ የልጅነት ትዝታ ብለን የጀመርነው ንባብ ሳናስበው ወደ መሬት ታሪክ አገባን።

ሁለተኛው ጸሐፊ ሎሪ ሊ ነው። በ1914 ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ግድም ወደ ስላድ መንደር ተወሰደ። ከጋሪ አውርደው በተዉት ጊዜ ሣሩ ከቁመቱ በልጦበት ቆሞ አለቀሰ፤ በ1959 የታተመው «ሳይደር ዊዝ ሮዚ» የሚጀምረው ከዚህ ልቅሶ ነው። አባቱ ቤቱን ትቶ ስለ ሄደ እናቱ የራሷንም የእንጀራ ልጆቿንም ብቻዋን አሳደገች። ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ቀን መምህርቱ ለጊዜው እዚህ ተቀመጥ አለችው። በእንግሊዝኛ «ለጊዜው» ለማለት የሚነገረው ቃል «ስጦታ» ማለትም ነውና፣ ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ስጦታውን ሲጠብቅ ውሎ ባዶ እጁን እያለቀሰ ተመለሰ። በዚህስ ሣቅን፤ ከእኛም መካከል ትምህርት ቤት ገብቶ ማንም ያልሰጠውን ስጦታ ሲጠብቅ የኖረ አይታጣም።

ይኸው መጽሐፍ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በመንደሩ ዕድሜያቸውን በአንድ ጎጆ ያሳለፉ ባልና ሚስት ነበሩ። በደከሙ ጊዜ ሹማምንቱ ለእነርሱ በማዘን ወደ ድኾች መጦሪያ ቤት ወሰዷቸው። በዚያ ቤት ደንብ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ይኖሩ ስለ ነበር ተለያዩ፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ሁለቱም ሞቱ። ክፉ ያሰበባቸው ሰው አልነበረም። የገደላቸው ማንም ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ ሳይጠይቃቸው የተደረገላቸው በጎ ሥራ ነው።

ከዚህ አጠገብ የፍሎራን ሌላ ትዝታ አኑሩት። ከጥር 1 ቀን 1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ድኾች በሳምንት እስከ አምስት ሽልንግ ጡረታ ይሰጥ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ገንዘቡን ሊቀበሉ ወደ ፖስታ ቤት በመጡ ጊዜ እንባቸው ይወርድ እንደ ነበር ትናገራለች። ገንዘቡን ቆጥራ ከመስጠት በቀር ምንም ላላደረገችው ልጅ እንኳ ከጓሯቸው አበባና ፖም ያመጡላት ነበር። አምስት ሽልንግ ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ነገር ግን በገዛ ቤታቸው እንዲያረጁ አስቻላቸው።

ሦስተኛው ሮናልድ ብላይዝ ነው። በሰፎክ አውራጃ በ1922 የእርሻ ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። ለ«ኤከንፊልድ» መጽሐፉ፣ በ1969 የታተመ ነው፣ በሚኖርበት አካባቢ እየዞረ አራሹን፣ አንጥረኛውን፣ መምህሩን አነጋገረ፤ የመንደሩን ስም ብቻ ለወጠ። በዚያ አንድ ሽማግሌ የ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወጣቶቹ ደስ እንዳላቸው ይናገራል፤ ከእርሻው ሥራ ያመለጡ መስሏቸው ነበርና፤ እርሱም በጦር ሰፈር ጠግቦ በልቶ ክብደት ጨመረ። የፍሎራም መጽሐፍ የሚያልቀው ከዚያች ትንሽ መንደር ሄደው ባልተመለሱ ዐሥራ አንድ ሰዎች ነው። ስማቸው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በነሐስ ሰሌዳ ተጽፏል፤ የመጨረሻውም ስም የወንድሟ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፍሎራ በ14 ዓመቷ ከመንደሯ ወጥታ በሌላ መንደር ፖስታ ቤት ተቀጠረች፤ «ላርክ ራይዝ» የታተመው በ1939 እርሷ 62 ዓመት ሲሆናት ነው። ሎሪ ሊ በ1934 በእግሩ ወጣ፤ መጽሐፉ ሲታተም 45 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ባይወጡ ኖሮ ምናልባት አይጽፉም ነበር። ከወጡ በኋላ ቢያፍሩበት ኖሮ ደግሞ ፈጽሞ አይጽፉም ነበር። በጻፉም ጊዜ ማሩን ብቻ ሳይሆን ሬቱንም አስገቡ፤ ስለዚህ እናምናቸዋለን። ይሁን እንጂ ዘግይተው ነበር። በ1851 በተደረገው ቈጠራ የእንግሊዝና የዌልስ የከተማ ነዋሪ ከገጠሩ በልጦ ተገኝቷል፤ ሎሪ ሊ የጻፈውም ፈረስ ለሞተር መንገዱን ከለቀቀ በኋላ ነው።

ይህን ስንነጋገር ያ ጓደኛችን ጥቂት ዝም ብሎ፤ «እኔ አገርህ የት ነው ሲሉኝ የምናገረው የወረዳውን ከተማ ስም ነው፤ የመንደሬን ስም እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ለማንም አልተናገርሁም» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላው፣ ቀጥሎም ሌላው እንዲሁ አለ። መልሳችንን ያገኘነው ያን ጊዜ ነው። የእንግሊዝ መንደር የጠቀመን የእኛን መንደር ስም እንድናወጣ ስላደረገን ነው።

ከአገራችን ሕዝብ የሚበዛው ዛሬም በገጠር ይኖራል፤ ስለዚህ እኛ ገና አልዘገየንም። የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በመጪው ክረምት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። አንዲት አሮጊት ወይም አንድ ሽማግሌ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ያዳምጥ፤ የምንጩን ስም፣ የአዝመራውን አከፋፈል፣ የክፉውን ዘመን አኗኗር እንደ ነገሩት ይጻፍ። አያሳምር፤ አያቃልልም። የተጻፈውንም ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ያቅርብ።

ጓደኛችን ደብተሩን ገዝቷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመንደሩን ስም ጽፎ ለሁላችንም አሳይቶናል።