ባለ ቀለም የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ፦ አመራረጡና አያያዙ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የማንበቢያ መሣሪያ ነው። ስሙ ኢ-ሪደር ይባላል። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ከደብተር ያነሰ ስስ ሰሌዳ ነው። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይይዛል። ቀደም ሲል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር የሚያሳየው። አሁን ባለ ቀለሙም ገበያ ላይ ውሏል።

ይኸ ነገር ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። በውጭ አገር የሚሠራ ልጅ ለወላጆቹ ሊልከው ይችላል። የትምህርት ቤት ኮሚቴ ወይም የቀበሌ ንባብ ቤት ገንዘብ አዋጥቶ ሊገዛው ያስብ ይሆናል። እንግዲያውስ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መመርመር ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም?

ጉዳዩ የሚያሳስበን በአንድ ምክንያት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ፣ የቆጠረውን መልሶ ይረሳል። ታርሶ ያልተዘራ መሬት አረም እንደሚወርሰው መሆኑ ነው። በገጠር መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። የተገኘውንም ምስጥ ይበላዋል፣ ጢስ ያጠቁረዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ብዙ መጽሐፍ በአንድ ላይ የሚይዝ መሣሪያ ስለዚህ ከንቱ ነገር አይደለም። ነገር ግን የራሳችንን ፊደል የማያሳይ መሣሪያ ከገዛን፣ ገንዘባችንን ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት ማለት ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ።

የስልክ ስክሪን የሚያበራው ከውስጥ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ዐይን ይመጣል። ደጅ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ጽሑፉ ይጠፋል። ኢ-ሪደር ግን እንደ ወረቀት ነው። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ጽሑፉ እየጎላ ይሄዳል።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? በስክሪኑ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ፈሳሽ አለ። በፈሳሹም ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አንደኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ጥቁሩ በወጣበት ቦታ ፊደል ይታያል። ነጩ በወጣበት ቦታ ባዶ ገጽ ይታያል። አንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ካሉበት አይነቃነቁም። ስለዚህ ገጹ ባትሪ የሚፈልገው በሚገለጥበት ጊዜ ነው። በቀን ጥቂት ለሚያነብ ሰው አንድ ቻርጅ ለሳምንታት የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ዓይነቱን ስክሪን የሚሠራው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ።

ቀለሙስ ከየት ይመጣል? በጥቁርና ነጩ ስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ሽፋን ይደረብበታል። ብርሃኑ በዚያ ሽፋን አልፎ ሲመለስ ቀለም ይዞ ይመጣል። ከነዚህ አንዱ ካሌይዶ 3 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኮቦ ክላራ ከለር፣ ኮቦ ሊብራ ከለርና ኪንድል ከለርሶፍት የተባሉት ባለ ቀለም መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ።

ታዲያ ሽፋኑ በነጻ አልመጣም። ሁለት ነገር ያስከፍላል።

አንደኛ፣ ከብርሃኑ ከፊሉን ይውጣል። ስለዚህ የባለ ቀለሙ ገጽ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ጠቆር ይላል፤ ወረቀቱም እንደ ጋዜጣ ወረቀት ነው። ቤት ውስጥ ሲነበብ የመሣሪያውን መብራት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራቱ ከፍ ሲል ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ የቀለም ሥዕሉ ጥራት ይቀንሳል። በካሌይዶ 3 ስክሪን ላይ ጥቁሩ ፊደል በአንድ ኢንች ርዝመት 300 ነጥብ አለው። ኢንች ማለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ባለ ቀለሙ ሥዕል ግን በዚያው ርዝመት 150 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። የቀለሙ ዓይነት 4,096 ይደርሳል፤ ሆኖም ደጋግሞ እንደታጠበ ጨርቅ ፈዘዝ ያለ ነው። እንደ ስልክ የሚያብለጨልጭ ቀለም የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

አሁን ወደ አመራረጡ እንምጣ። በሬ ስንገዛ ቀለሙን አይተን ብቻ ገንዘብ አንቆጥርም። ጥርሱን እናያለን፣ ሻኛውን እናያለን፣ አስኪደን እግሩን እናያለን። መሣሪያውንም እንደዚሁ እንመርምረው።

ከሁሉ በፊት ፊደላችንን ያሳያል ወይ? በሬ፣ በር፣ በራ የሚሉትን ሦስት ቃላት ጻፉና ተመልከቱ። የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቷ ካልታየች በሬው በር ሆነ ማለት ነው! ለአዲስ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለእኛ ከቀለሙ ይልቅ የፊደሉ ጥራት ይበልጣል።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን በየራሳቸው መንገድ ነበር የሚደረድሩት። በዚያ ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ቢሆንም እንኳ፣ መሣሪያው የአማርኛ ፎንት ከሌለው በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ፎንት ማለት ለኮምፒውተር የፊደሉን ቅርጽ የሚያስተምር ፋይል ነው።

መፍትሔ አለው። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉ ነጻ ፎንቶች ይገኛሉ። ኮቦና ኪንድል ከውጭ የመጣ ፎንት ይቀበላሉ፤ መሣሪያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፎንቱን መገልበጥ ነው። ሥራውን የኮምፒውተር ትምህርት የተማረ ወጣት ይሠራዋል። እናንተ ግን ሻጩን ወይም ላኪውን "በዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ክፈትና አሳየኝ" በሉት። ከፍቶ ካላሳየ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀለሙ ለምን ሥራ ይፈለጋል የሚለው ነው። ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ሰው ጥቁርና ነጩ ይበቃዋል፤ ገጹም ይነጣለታል። ቀለም ጥቅም የሚሰጠው ሥዕል በሚነበብበት ጊዜ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የስንዴ ዋግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ ማሳ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ዋግ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቢጫው ዋግ በቅጠሉ ላይ እንደ ስፌት በመስመር ይሰለፋል። የቅጠል ዋግ ቡናማ ነው፤ በቅጠሉ ላይ የትም ይበታተናል። የግንድ ዋግ እንደ ሸክላ የቀላ ነው፤ ግንዱን ይይዛል። በጥቁርና ነጭ ሥዕል ሦስቱም ግራጫ ነጥብ ይሆናሉ። በቀለም ሲታዩ ግን ልዩነቱ ይገባል። ለገበሬ የተጻፈ መጽሐፍ ቀለም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይሁንና እንጠንቀቅ። የመሣሪያው ቀለም ፈዛዛ ነው ብለናል። ቢጫው ፈዝዞ ነጭ፣ ቀዩም ፈዝዞ ቡናማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በቀለሙ ብቻ አትፍረዱ። ቅርጹንና ያለበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን አንብቡ፤ ቅጠሉን ይዛችሁ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

ለልጆችም ቀለም ይጠቅማል። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የተረት ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ባለ ቀለም ተረቶችን በነጻ ያቀርባል። አማርኛም ከነዚያ አንዱ ነው። አባት ወይም እናት ሥዕሉን ለልጅ እያሳዩ ቢያነቡ፣ ልጁም ይማራል፣ የእነርሱም ንባብ ይጠነክራል።

ሦስተኛው ጥያቄ የዋጋና የመጠን ነው። ኮቦ ክላራ ከለር ስክሪኑ 6 ኢንች፣ ክብደቱ 174 ግራም ነው። ሲወጣ ዋጋው በአሜሪካ 150 ዶላር ገደማ ነበር። ወንድሙ የሆነው ጥቁርና ነጭ ደግሞ 130 ዶላር ገደማ። ሊብራ ከለር 7 ኢንች ነው፤ 220 ዶላር ገደማ። ከለርሶፍትም 7 ኢንች ሲሆን 280 ዶላር ገደማ ነበር። ወደ አገር ሲገባ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርበታል። ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ንባብ ቤት ግን ሊታሰብ ይችላል። ከተቻለ 7 ኢንቹ ይሻላል፤ ዐይናቸው ለደከመ አዛውንት ፊደሉ ሲጎላ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ቃል ይይዛል።

አራተኛው ስለ መጽሐፉ ፋይል ነው። ሁለት ዓይነት ፋይል በብዛት ያጋጥማል። አንዱ ፒዲኤፍ ይባላል። ገጹ እንደታተመ የተቆለፈ ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ ያንሳል፤ አጉላው ስትሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ሌላው ኢፐብ ይባላል። ፊደሉን ስታጎሉት መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል። ምርጫ ካለ ኢፐቡን ያዙ።

ሌላም ነገር አለ። ከነዚህ ኩባንያዎች የሚገዛ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በገዢው ስም የተቆለፈ ነው። እንደ ወረቀት መጽሐፍ ለጎረቤት አይዋስም። ለንባብ ቤት የሚመረጠው ስለዚህ በነጻ እንዲባዛ የተፈቀደ መጽሐፍ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ ሲከፈትም ኢንተርኔትና የስም ምዝገባ ይጠይቃል። ገጠር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሁሉ ከተማ ላይ ይለቅ።

አሁን ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል።

ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን አንብቡ፤ መብራቱን አጥፉት። ማታ ሲነበብ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ካልታያችሁ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። ኩራዝ አጠገብ አታስጠጉት። ቻርጅ የሚደረገው እንደ ስልክ ነው፤ የሶላር መብራታችሁ የስልክ ቻርጅ መሰኪያ ካለው ሊበቃው ይችላል። ገጽ ስትገልጡ የቀድሞው ገጽ ጥላ ቢታይ አትደንግጡ፤ የዚህ ስክሪን ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ዋናው ጠላቱ ክብደትና መውደቅ ነው። ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በጋና ለተማሪዎች ጥቁርና ነጩን ኢ-ሪደር ማደል ጀመረ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ያላገኙትን ያህል ብዙ መጽሐፍ አገኙ። ነገር ግን ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ስክሪናቸው ተሰበረ። ከዚህ እንማር። መሣሪያው ሲገዛ ጠንካራ መሸፈኛ አብሮ ይገዛ። በእህል ጆንያ ወይም በከረጢት ሥር አይቀበር። የሚቀመጥበትን ሰው ወስኑ፤ ማን መቼ እንደወሰደው በደብተር ጻፉ። አንዳንዶቹ ውሃ ቢነካቸው ይችላሉ፤ ቢሆንም ይችላል ተብሎ ለዝናብ አይተውም።

በተለያየ ቀለም ቃላትን ማስመርም ይቻላል። ያልገባችሁን ቃል በአንድ ቀለም፣ ባለሙያ የምትጠይቁበትን ነገር በሌላ ቀለም አስምሩ። ተሰብስባችሁ ስታነቡ ከዚያ ላይ ትነጋገራላችሁ።

እንግዲህ ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ መጽሐፉ፣ ከዚያ ቀለሙ። ፊደሉን አጥርቶ የማያሳይ መሣሪያ ቀለሙ ቢያምርም አይግባ። የሚጫንበት የአማርኛ መጽሐፍ ከሌለም ይቆይ፤ በዚያው ገንዘብ የወረቀት መጻሕፍት ይገዙ። ፊደሉም መጽሐፉም ከተሟላ፣ የሥዕል ትምህርትም ካስፈለገ፣ ያን ጊዜ ባለ ቀለሙ ዋጋውን ያወጣል።

መሣሪያው በእጃችን ከገባ ደግሞ ሥራው የእኛ ነው። ሺህ መጽሐፍ ቢይዝም ራሱ አያነብልንም። ማታ ማታ አንድ ገጽም ቢሆን ይነበብ። ያነበበ ላላነበበው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት።