የኢንጀክተር ትራንዚስተር ተጨማሪ ጭነት ሲፈተን

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ኢንጀክተር፣ ማለትም ነዳጅን ወደ ሞተሩ የሚረጨው በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ፣ የሚታዘዘው በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ ትራንዚስተር ሲሆን፣ ጉልበት ለመጨመር ተብሎ በዚያው ትራንዚስተር ላይ ሁለተኛ ኢንጀክተር በትይዩ ሲታሰር ጭነቱ ምን ያህል ያድጋል?

ሁለተኛው አቅራቢ፦ ጠመዝማዛው 12 ኦም የሆነ ኢንጀክተር በ14 ቮልት 1.2 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሲሆኑ ከረንቱ በእጥፍ ያድጋል፣ ሞስፌት በሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ላይ ከረንቱ በሚያልፍበት ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ አራት እጥፍ ይደርሳል።

አንደኛዋ አቅራቢ፦ እንግዲያው በሁለቱ ኢንጀክተሮች ምትክ 6 ኦም ሬዚስተር አስሮ ሙቀቱን መለካት ይበቃል?

ሁለተኛው አቅራቢ፦ አይበቃም፤ አቋራጩ አሳሳች ነው። ሬዚስተር የከረንቱን መጠን ቢያስመስልም በጠመዝማዛው መግነጢሳዊ መስክ የሚታመቀውን ኃይል አይዝም፤ ይህ ኃይል ትራንዚስተሩ በሚዘጋበት ቅጽበት ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የቮልቴጅ ዝላይ ሆኖ ስለሚመለስ፣ ፈተናው በእውነተኛ ኢንጀክተሮች፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ የሚረጭ ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር እንደሚሆነው በሰከንድ 50 ጊዜ እያስከፈቱ፣ ዝላዩንም የኤሌክትሪክ ሞገድን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ እየተከታተሉ መከናወን ይኖርበታል።

አንደኛዋ አቅራቢ፦ እስከ መቼ?

ሁለተኛው አቅራቢ፦ የኮምፒውተሩ ክዳን እንደተዘጋ፣ የትራንዚስተሩ ሙቀት መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ።