የቱርኮቹ «አርባ ምንጭ»፦ የዘይት ትግል ከየት መጣ? ምንስ ያስተምራል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቱርኮች የዘይት ትግል ነው። «የቱርክ ትግል ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስንጨርስ እናንተው ትመልሱታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በቱርክኛ «ያሊ ጉሬሽ» ይባላል፤ የዘይት ትግል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ሆነው፣ ክስፔት የሚባል ወፍራም የቆዳ ሱሪ ታጥቀው፣ ከራስ እስከ እግራቸው የወይራ ዘይት ተቀብተው ሣር ላይ ይገጥማሉ። እስቲ አስቡት፣ በዘይት የተነከረ ሰው በምን ይያዛል? ክንዱን ብትጨብጠው ሙልጭ ይልሃል፤ አንገቱን ብትይዘው ያመልጥሃል። ስለዚህ እጅን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ መጨበጥ ይፈቀዳል። ዝም ብሎ ጡንቻ ያለው ሰው እዚህ ሜዳ ላይ ብዙ አይሄድም። ትዕግሥት፣ ትንፋሽና ብልሃት ያስፈልገዋል።

ከየት መጣ? እዚህ ላይ አፈ ታሪክና ታሪክ አንደባልቅ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማኑ ገዢ የኦርሃን ልጅ ሱሌይማን ፓሻ 40 ጦረኞች ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ምድር ገባ። ወታደሮቹ ባረፉበት ሁሉ ይታገሉ ነበር። ከመሃላቸው ሁለቱ ግን መሸናነፍ አቃታቸው። ሌላ ቀን እንደገና ገጠሙ፤ መሸ፣ ሌሊት ሆነ፣ አንዳቸውም አልለቀቁም፤ በመጨረሻ የሁለቱም ትንፋሽ እዚያው ቀረ። ጓደኞቻቸው ከበለስ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ከዓመታት በኋላ መቃብራቸውን ሊያዩ ሲመለሱ ቦታው ላይ ምንጭ ፈልቆ አገኙ። የሜዳው ስም ከዚያ በኋላ «ክርክፒናር» ተባለ። ክርክ አርባ ነው፣ ፒናር ምንጭ ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፦ አርባ ምንጭ! የጋሞዋን ከተማችንን የምታውቁ ሁሉ አሁን ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ይሄ የሚተረክ ነው። የምናውቀውስ? «ጉሬሽ» የሚለው ቃል ከመካከለኛው እስያ የመጣ ነው፤ ኡዝቤኮች ዛሬም ትግላቸውን «ኩራሽ» ይሉታል። የወይራ ዘይት ተቀብቶ መታገል ደግሞ የጥንት ግሪኮችና የሮማውያንም ልማድ ነበር። ታጋዩ «ፔህሊቫን» ይባላል፤ ቃሉ የፋርስ ነው። የታጋዮች ሁሉ አባት ተብሎ የሚከበረው የነቢዩ መሐመድ አጎት ሐምዛ ነው። ታጋዩ ክስፔቱን የሚይዝበት የተጎነጎነ መያዣስ ምን ይባላል መሰላችሁ? «ዘምቢል»! እናቶቻችን ገበያ የሚወጡበት ዘንቢል፤ ያው ቃል ነው።

ልብ በሉ እንግዲህ። ቃሉ ከአንድ አገር፣ ዘይቱ ከሌላ፣ ማዕረጉ ከሦስተኛ። ታዲያ ቱርኮች «የኛ አይደለም» ብለው ጣሉት? አልጣሉትም። «ሁሉንም እኛ ፈጠርነው» ብሎ መዋሸትም አያስፈልጋቸውም። አንድን ነገር የራስ የሚያደርገው ትውልድ ከትውልድ ተቀባብሎ መጠበቁ ነው።

እንዴት እንደጠበቁትም እዩ። ከባልካን ጦርነቶች በኋላ ድንበሩ ተቀየረና በሳሞና መንደር አጠገብ የነበረው የጥንቱ ሜዳ ግሪክ ውስጥ ቀረ። ሜዳው ቀረ፣ ጨዋታው ግን አልቀረም። ከ1924 ጀምሮ ኤዲርኔ ከተማ፣ ሳራይኢቺ በሚባለው ቦታ በየዓመቱ ይካሄዳል። በ2010 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዘገበው። ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ዋናውን ማዕረግ ያሸነፈ ታጋይ የወርቅ ቀበቶውን ለዘለቄታው ይወስዳል።

አሁን ወደ ፍልስፍናው እንምጣ። ከግጥሚያው በፊት ታጋዮቹ ዘይት ሲቀቡ ይረዳዳሉ። እጅህ የማይደርስበትን ጀርባህን የሚቀባልህ ትንሽ ቆይቶ ሊጥልህ የሚታገለው ሰው ነው! ዘይቱ ደግሞ አንተን ለመያዝ እንዲከብደው የሚያደርግ ነው። ማለትም ተጋጣሚህ የሚፈልገው ሙሉ አቅምህን ይዘህ እንድትገጥመው ነው። የተዳከመ ሰው መጣል ክብር የለውማ!

ቀጥሎ «ጃዝግር» የሚባለው አስተዋዋቂ ይመጣል። ታጋዮቹን በየስማቸው እያወደሰ ያስተዋውቃል፣ ይጸልያል፣ በድል እንዳይታበዩ በመውደቅም ተስፋ እንዳይቆርጡ ይመክራቸዋል። ከዚያ በከበሮና በዙርና ድምፅ «ፔሽሬቭ» የሚባለውን ሥርዓት ይፈጽማሉ፤ ሰውነትን ማሟሟቂያም ነው፣ ሜዳውንና ተጋጣሚን ማክበሪያም ነው። ተጋጣሚውን በጀርባው አስተኝቶ እምብርቱን ወደ ሰማይ ያዞረ፣ ወይም አንሥቶ ሦስት እርምጃ የተሸከመው አሸነፈ። ወጣቱ ታላቁን ከጣለ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እጁን ይስማል። እኛ የአባት ጉልበት እንደምንስመው ማለት ነው። አሸንፈሃል፣ ግን ታላቅህ ታላቅህ ነው።

እስከ 1975 ድረስ ግጥሚያው የሰዓት ገደብ አልነበረውም። ከኬል አሊቾ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ይተረካል። አሊቾ 26 ዓመት ሙሉ ያልተደፈረ ባለማዕረግ ነበር ይባላል። ከወጣቱ ከኮጃ ዩሱፍ ጋር ገጥመው ሳይሸናነፉ ጨለመ። ሽማግሌው የልጁን አቅም አየና ሜዳውን በፈቃዱ ለቀቀለት። ሲገፉት አልነበረም የለቀቀው፣ ተተኪ ሲያገኝ ነው። ዩሱፍ በኋላ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ሄዶ ስሙን አስጠራ፤ በ1898 ከአሜሪካ ሲመለስ «ላ ቡርጎኝ» የተባለችው መርከብ ሰጥማ ሞተ።

ሁሉም መልአክ ነው እያልኳችሁ አይደለም። በዘመናችን በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ማዕረጉን የተነጠቀ አሸናፊ አለ። ሥርዓት በራሱ ሰውን አያጸዳም። ግን ሥርዓት ያለው ሕዝብ ጥፋቱን የሚለካበት መለኪያ አለው። «ይሄ የፔህሊቫን ሥራ አይደለም» ማለት የሚቻለው የፔህሊቫን ሥራ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ወገኖቼ፣ ጉልበት በየሰፈሩ ሞልቷል። ስልካችን ላይም ስድብ በመወርወር የሚፎክር ሞልቷል። የጎደለው ተጋጣሚውን ዘይት የሚቀባ ሰው ነው። የጎደለው አሸንፎ ጎንበስ የሚል ወጣት፣ ተተኪውን አይቶ ሜዳ የሚለቅ ታላቅ ነው።

የኛም ትግል፣ ገናችን፣ ጉግሳችን ባለሙያዎች አሏቸው፤ ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ቱርኮች ሜዳቸውን አጥተው ጨዋታቸውን አተረፉ። እኛ ሜዳው እጃችን ላይ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ፈልጋችሁ ሕጉን ጠይቁ፣ ጻፉት፣ ለታናናሾቻችሁ አሳዩ። «ምናችን ነው?» ላላችሁት ጥያቄ መልሱ እዚያ ይጀምራል።