ሕፃኑ ሰማዕት ቂርቆስ፦ ክብሩና የታሪኩ ጥያቄ



ሐምሌ 19 ሲደርስ ሐዋሳ ዝናቡ ሳይበግራት ነጭ ትለብሳለች። ከየአገሩ የመጣው ምእመን ስለቱን ይዞ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ይተማል። የዕለቱ በዓል መነሻ ግን አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፤ ቅዱስ ቂርቆስ። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ውስጥ በተጣለ ጊዜ መልአኩ ወርዶ አበረደላቸው። ሠዓሊዎቻችንም እናትና ልጅን ከነጋኑ፣ ከሥር እሳቱ ሲንቀለቀል፣ ከላይ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ ይሥሏቸዋል። ዕረፍቱን ጥር 15 እናከብራለን።

ለመሆኑ ይህ ሕፃን ማን ነበር? ጥያቄው የዛሬ ተጠራጣሪዎች ያመጡት አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የኢቆንዮኑ ጳጳስ ቴዎድሮስ በዘመኑ የሚነበበው ገድል አላረካውም። ስለዚህ የአገሩን ታላላቅ ሰዎች ጠይቆ የደረሰበትን በደብዳቤ ጻፈ። በእርሱ ዘገባ ኢየሉጣ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ከኢቆንዮን ሸሽታ ጠርሴስ ላይ ተያዘች። ገዥው እለእስክንድሮስ ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያባብለው ሲል፣ ልጁ ፊቱን ቧጨረው፤ እንደ እናቱ ክርስቲያን መሆኑንም ጮኾ ተናገረ። ገዥው በንዴት ከደረጃው ላይ ወርውሮ ገደለው። በዚህ ዘገባ ጋንም ፍል ውኃም የለም።

በሮሙ ጳጳስ በገላስዮስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ሰነድም የቂርቆስና የኢየሉጣ፣ የጊዮርጊስም ገድል በቤተ ክርስቲያን እንዳይነበብ ያዛል። ያው ሰነድ ግን ሰማዕታቱን በሙሉ ልብ እንደሚያከብር፣ ተጋድሏቸውንም ከሰው ይልቅ እግዚአብሔር እንደሚያውቀው ይመሰክራል።

እኔም አቋሜ ይኸው ነው። ገድልን መመርመር ሰማዕትን መካድ አይደለም። ዘገባዎቹ በመከራው ዓይነት ይለያያሉ፤ እናት ልጇን ታቅፋ መያዟን፣ ሁለቱም አለመካዳቸውን ግን በአንድ ቃል ይናገራሉ። ከጣና ቂርቆስ ገዳም እስከ ፈረንሳዩ የኔቨር ካቴድራል ስማቸው የሚጠራው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አደራዬ ለወጣት ሊቃውንታችን ነው፤ የግእዙን ገድል ከቴዎድሮስ ደብዳቤ ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። በበዓሉ ቀን ልጃችሁ «እውነት ጋን ውስጥ ገብተው ነበር?» ብሎ ሲጠይቅም ዝም አታሰኙት። አባቶች እንዴት እንደተረኩት፣ እንዴትም እንደመረመሩት ሁለቱንም ንገሩት። በእውቀት የጸና ፍቅር ጥያቄ አያስደነግጠውም።